ላልተቀየመ ሰው የተሸከምነው ድንጋይ

ስማኝማ። ቁጭ በልና ይቺን ስማ፤ ደግሞ መሃል ላይ «እኔም አንድ የማውቀው ልጅ ነበር» ብለህ እንዳታቋርጠኝ። ያንተን ልጅ ሌላ ቀን ታወራልኛለህ።

ኮሌጁ እዚሁ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ነገ ባጃጄን የሚያስቆምብኝ አይጠፋም። አዎ፣ አሁን ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ ነው የምነዳው። አካውንቲንግ ጀምሬ ነበር። ሂሳቡ ሳይሆን ሰዎቹ አልዋጥልህ ብለውኝ ተውኩት። ስለዚህ የተማረ ሰው ወሬ ከፈለግክ ሌላ ባጃጅ ያዝ።

ዶርማችን ውስጥ ስምንት ነበርን። ተደራራቢ የብረት አልጋ፣ የቆርቆሮ በር፣ ቁልፍ የማያውቅ ቁም ሳጥን። እኔ ከታች ነበርኩ። ከእኔ በላይ የሚተኛው ልጅ ከአዴት ወዲያ ከገጠር የመጣ ነው። እኛ «የላዩ» ነበር የምንለው፣ ከላይ ስለሚተኛ። ከዚያ የበለጠ ነገር የለውም ስሙ።

መጀመሪያ ቀን ይዘውት የመጡት አባቱ ናቸው። ጋቢያቸውን እንደለበሱ ፍራሹን ራሳቸው አነጠፉለት፣ በሶውን ቁም ሳጥን ውስጥ ራሳቸው አስቀመጡለት፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞር አሉ።

«ልጆቼ፣ ይኼ ልጅ ዝም ቢላችሁ እንዳትቀየሙት። አፈጣጠሩ ነው እንጂ ክፋት የለበትም።»

«ኧረ ምን በወጣን አባታችን፣ ወንድማችን አይደለም እንዴ» አልን ሁላችንም። እንዲህ ማለት አፋችን ለምዶታል። ጆሯችን ግን የሰማው ነገር አልነበረም።

የላዩ ጠዋት ሲነሳ «እንዴት አደራችሁ» አይልም። አንተ ብትለው ግድግዳውን ያያል። እኛ አገር ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ላሟንም፣ ጥጃዋንም፣ ዝናቡንም ደህና መሆኑን ሳንጠይቅ ጨው እንኳን አንበደርም። ካፌ ደግሞ ሁልጊዜ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሰው ከቀደመው ሳህኑን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። ሰው ትከሻውን መታ ካረገው እሳት የነካው ነው የሚመስለው። በሩ «ጓ» ብሎ ሲዘጋ ጆሮውን ይይዝና፣ ከዚያ የአልጋውን ብረት በጣቱ ይቆረቁራል፣ እስኪረጋጋ ድረስ። እኔ ከሥሩ ስለሆንኩ ኳኳታው የሚደርሰው እኔ ጋ ነው። መጀመሪያ ደሜን ያፈላው ነበር። በኋላ ለመድኩት፤ እንዲያውም ካልሰማሁት «ታመመ እንዴ» ብዬ ቀና እል ጀመር።

በሶውስ ብትል። ዶርም ውስጥ ከቤት የመጣ ነገር የግል አይደለም፤ የሁሉም ነው። የላዩ ግን በራሱ ኩባያ በጥብጦ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይጠጣል። ከልክሎን አይደለም እኮ። ቁም ሳጥኑ ክፍት ነው፣ ስንዘግን ያየናል፣ ምንም አይልም። እኛ እየዘገንን ስስታም አልነው።

ነገሩ የከረረው ግን ከክፍላችን ልጆች የአንዱ አጎት የሞቱ ጊዜ ነው። ልጁ የቡሬ ልጅ ነው፣ «የቡሬው» ልበልህ። መርዶው ሲመጣ ክፍሉ ሞላ። ከሌላ ዶርም ሳይቀር እየመጣ «እግዜር ያጥናህ» የሚል፣ የሚያለቅስ፣ ዳቦ ይዞ የሚገባ፣ በሩ ጓ፣ በሩ ጓ። የላዩ አንሶላውን ተከናንቦ ወደ ግድግዳ ዞረ፣ ሰዉ እስኪወጣም አልተገለጠም። የቡሬው በማግሥቱ ጫማውን እያሰረ እንዲህ አለኝ፦

«እኔ ይኼን ልጅ ምን በድዬው ነው?»

«ምን አረገህ?»

«ሐዘን ላይ ተቀምጬ ፊቱን አዞረብኝ። ይኼ በጤናው አይደለም፣ በነገር ነው።»

ይኼ ወሬ በሰባታችን መሃል ሲዞር ዋለ። ለካ ሁሉም የየራሱ አለው። አንዱን ሰላም አላለውም፣ አንዱን ጉርሻ አልቀበልም ብሎታል። ተደምሮ ሲታይ ልጁ ሁላችንንም ተቀይሞናል።

አሁን ሌላ አገር ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? አንዱ «ዶርም ቀይሩልኝ» ይላል። አንዱ «የራሱ ጉዳይ» ብሎ ኢርፎን ይሰካል። እኛ ጎጃሜዎች ነን፤ ሽማግሌ ላክንበት።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ ክፍላችን ውስጥ የነበረው ዲያቆን፣ ቅኔ ቤት ከርሞ ኮሌጅ የገባ፣ ዕድሜው ከእኛ እምብዛም የማይበልጥ፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ ግን ስልሳ ዓመት የሚሆነው። ሌላው የግቢው ዘበኛ፣ አያ ዘበኛው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዶርም ተሰበሰብን። ጠላውን በጀሪካን ያስገቡት አያ ዘበኛው ራሳቸው ናቸው። ሥራቸው ጠላ እንዳይገባ መጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ማንም አልፈተሻቸውም።

የላዩን ከአልጋው አስወርደን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ዲያቆኑ አቡነ ዘበሰማያት አለ። አያ ዘበኛው ጀመሩ።

«ልጄ፣ ጓደኞችህ አዝነዋል። ምን አጠፉብህ?»

«ምንም።»

«ምንም ያልተደረገ ሰው ሰላምታ አይነሳም። ተናገር፣ እዚህ የሚያስፈራህ የለም።»

«አልፈራሁም።»

«ታዲያ ለምን ተቀየምካቸው?»

«አልተቀየምኩም።»

አያ ዘበኛውና ዲያቆኑ ተያዩ።

«ከባድ ነው» አሉ አያ ዘበኛው ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፤ ልጁ እኮ አጠገባቸው ነው የተቀመጠው።

«እጅግ» አለ ዲያቆኑ።

ይኸውልህ፣ እኛ ዘንድ «አዎ ተቀይሜያለሁ» ያለ ሰው ግማሹን ታርቋል። የሚያስፈራው «ምንም የለብኝም» የሚለው ነው። እሱ ነገሩን ሆዱ ውስጥ ቀብሮ አፈር አልብሶታል። ስለዚህ የላዩ እውነቱን በተናገረ ቁጥር ለሽማግሌዎቹ ቂሙ እየጠለቀ ሄደ። «እንዴት አድርገን እንካስህ?» ቢሉት «አያስፈልግም» አለ። በዚህ ጊዜ አያ ዘበኛው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ድንጋይ ተሸከሙ» ተባልን።

ለማያውቅ ልንገር። እኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አርጎ ተበዳዩ እግር ሥር ይወድቃል። ተበዳዩ ድንጋዩን በእጁ ካነሳለት ይቅር ብሎታል፣ አበቃ። ድንጋይ አንስቶ ከዚያ በኋላ ነገር መቆስቆስ የለም። ያን የሚያደርግ ሰው ለቅሶው ላይ ሰው አይቆምለትም።

ግቢው ውስጥ ደህና ድንጋይ ያለው ባንዲራ መስቀያው ዙሪያ ነው፤ ለጌጥ ኖራ ቀብተው የደረደሩት። ከዲያቆኑ በቀር ስድስት ጎረምሳ ሄደን የኮሌጁን ጌጥ ነቅለን መጣን። አንገታችን ኖራ በኖራ ሆነ። ተራ በተራ ገብተን የላዩ እግር ሥር ተደፋን።

«ምን እያረጋችሁ ነው?» አለ።

«ይቅር በለን» አልን።

«ለምኑ?»

«ላጠፋነው ሁሉ።»

«ምን አጠፋችሁ?»

የሚያውቅ የለማ። አንዱ ከኋላ በኩል፣ ፊቱ መሬት ላይ እንደተደፋ፣ «በሶህን ዘግነናል» አለ።

«አውቃለሁ» አለ የላዩ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከእኔ አንገት ላይ አነሳ። ቀጥሎ ከቡሬው። የሁሉንም አንስቶ ግድግዳው ሥር ደረደረው፣ ኖራ የተቀባውን ፊት ወደ ውጭ እያዞረ፣ ከነበረበት ይበልጥ አሳምሮ። «ከባድ ነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ከባድ ነበር።

እዚህ ላይ ብንተወው ምን ነበረበት። ግን ዕርቅ በመሳሳም ነው የሚታሰረው። አያ ዘበኛው «በሉ ተቃቀፉ» አሉ፣ ሰባታችን እንደ ንብ ሰፈርንበት። አንዱ አንገቱን ያንቃል፣ አንዱ ጉንጩን ይስማል፣ ዲያቆኑ ጉርሻ ጠቅልሎ አፉን ይፈልጋል፣ አያ ዘበኛው በዚህ ዕድሜያቸው እልል ይላሉ። የላዩ ጮኸ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። በሁለት እጁ ገፋና ወጥቶ ሮጠ። የቡሬው በጎኑ ተንገዳግዶ የአልጋው ብረት ጫፍ ቅንድቡን ሰነጠቀው።

የላዩን ያገኘነው ከውኃ ሮቶው ጀርባ ነው። መዳፉን ሮቶው ላይ ለጥፎ በአንድ ጣቱ ይቆረቁራል። አጠገቡ አልሄድንም። ያን ያህል መቼም ገብቶናል።

የቡሬውን ክሊኒክ ወሰድነው። ነርሷ ቅንድቡን እየሰፋች «ተደባድባችሁ ነው?» አለች።

«ኧረ ታርቀን ነው» አላት የቡሬው።

ነገሩን ከሥር መሠረቱ ነገርናት። መርፌውን አስቀምጣ ሳቀች፣ ሳቀችና ደግሞ ሳቋን ተወችው።

«ሐኪም ይየው እንጂ» አለች፣ «ይኼ ልጅ ኦቲዝም ያለው ይመስለኛል።»

«ይድናል?»

«ትኩሳት መሰለህ? አፈጣጠር ነው። ድምፅ ይበዛበታል፣ መነካካት ይበዛበታል፣ ግርግር ይበዛበታል፣ ድንገት የሚለወጥ ነገር ይበዛበታል። እናንተ ደግሞ አንዱንም ሳታስቀሩ በአንድ እሁድ ሰጣችሁት።»

«ለምን ማንም አልነገረንም?»

«እኔም ስማር የነገሩኝ ስለ ሕፃናት ነው። ትልቅ ሆኖ ኮሌጅ የገባ ይመጣል ያለኝ የለም።»

ይኼ ነገር እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ሕፃናቱ ሲያድጉ ምን ይሆናሉ ብለው ነው? ሰው ዝም ብሎ ሟሙቶ ይጠፋል?

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ቀየርነው። ሥራውን የመራው ማን መሰለህ፣ ቅንድቡ ላይ ፋሻ የለጠፈው የቡሬው። «ክሰሰው» ሲሉት «ድንጋዬን አንስቶልኛል» ይላል፣ ሌላ ቃል አይጨምርም። ከጎሚስታው ያረጀ ከመነዳሪ ለምኖ አመጣ፣ ላስቲኩን ቆራርጠን በሩ ጠርዝ ላይ መታነው፣ በሩ መጮኽ ተወ። ጠዋት «እንዴት አደርክ» በማለት ፋንታ የአልጋውን ብረት አንዴ ኳ እናደርጋለን፤ እሱ ሁለቴ ኳ ኳ ይላል። ላሟም ጥጃዋም ደህና ናቸው ማለት ነው። ማዕድ ስንቀርብ የእሱን ድርሻ ቀድመን በሳህኑ እናወጣለን። ዲያቆኑ ካፌ ሄዶ የመስኮቱን ወንበር አስከበረለት፤ ምን ብሎ እንደለመናቸው እንጃ፣ አስተናጋጆቹ ግን እንደ ታቦት ይጠብቁለት ጀመር። እንግዳ ሲመጣ ከበር ላይ «እዚህ ቤት ማቀፍ የለም» እንላለን።

በሶውን መዝገን አላቆምንም። እሱም ተዉ አላለንም።

አንድ ቀን እኔና የቡሬው በስልክ ቻርጀር ተጣልተን ተኮራረፍን። እሱ ወደዛ፣ እኔ ወደዚህ ዞረን ተቀምጠናል። ከላይ ድምፅ መጣ፦

«ድንጋይ ላምጣ?»

የሳቅነውን ሳቅ ልነግርህ አልችልም። እሱ አልሳቀም፤ ብረቱን ሁለቴ ኳ ኳ አረገና መጽሐፉን ቀጠለ።

እንግዲህ እንዲህ ሆነን እየኖርን ነው የዲኑ ነገር የመጣው። ከሌላ ዶርም አንድ ወሬኛ «ደም ፈሷል» ብሎ ለተማሪዎች ጉዳይ ዲን አድርሷል። ዲኑ ወሰነ፦ የላዩ ከዶርም ይውጣ፣ ውጭ ተከራይቶ ይማር። ያቺ አልጋ ለእሱ አልጋ ብቻ አይደለችም። ለምዷታል፣ ለምደነዋል። እሷን ካጣ ትምህርቱንም እንደሚያጣ ከእኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሮው ሄድን።

«ደሙ የእኔ ነው። እኔ አልከሰስኩም» አለ የቡሬው።

«ኮሌጁ ይከሳል» አለ ዲኑ።

«ኮሌጁ ምኑ ላይ ደማ?» አልኩ እኔ።

«አንተ ውጣ።»

አልወጣሁም። «የምንለምነው አንድ ነገር ነው» አልኩት፣ «እዚያችው አልጋ ላይ ይቆይ። ሌላው የእኛ ሥራ ነው።»

«ለአንድ ተማሪ የተለየ ነገር ካደረግን ነገ ሁሉም ይጠይቃል።»

«ምን ብሎ ይጠይቃል? አልጋዬ ላይ ተዉኝ ብሎ?»

በዚያው ወጣሁ፤ ዘበኛ ተጠርቶ ነው ልበልህ። የተጠሩት አያ ዘበኛው ስለሆኑ ትከሻዬን ይዘው «ና ልጄ፣ ቆሎ አለኝ» አሉኝ።

አባቱ ተጠሩ። መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን መጡ። እኔና ዲያቆኑ መናኸሪያ ተቀበልናቸው። በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩት ነገር አለ፤ ልቀበላቸው ስል ክንዴ ወረደ። ጥቁር ድንጋይ።

«አባቴ፣ ይኼን ከአዴት ወዲያ ነው በመኪና ጭነው የመጡት? እዚህ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?»

«የሰው ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ አልጠይቅም። ይኼ ከማሳዬ ነው» አሉ።

ስለ ልጁም መንገድ ላይ ነገሩን። ሕፃን ሳለ ባሕር ዳር አንድ ሐኪም ነርሷ ያለችውን ብሏቸው ነበር። «ስሙን አፌ አይዘውም እንጂ ነገሩን አውቀዋለሁ። አስተማሪዎቹ ግን ስነግራቸው ይስቁብኛል» አሉ።

ቢሮ ስንገባ ዲኑ ስልክ ላይ ነበር። እሳቸው አልጠበቁትም። ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አርገው ሊሾው ላይ ተንበረከኩ።

«ጌታዬ፣ ልጄ አጥፍቷል፣ እኔ ልጠየቅለት። ከጓደኞቹ አይለዩብኝ። አዲስ ቤት ሲገባ ነው የሚብስበት፤ ይቺን አልጋ ለምዷታል።»

ዲኑ የእኛው አገር ሰው ነው፣ ያውም የገበሬ ልጅ። ስልኩን ጣለው። «ኧረ በስመአብ፣ አባቴ፣ ይነሱ፣ ምን አድርጌዎት ነው» ብሎ በሁለት እጁ ድንጋዩን አነሳ። አይቻለሁ። ዲያቆኑ አይቷል። ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው። አባትየው ትከሻውን ሳሙት፣ «እድሜ ይስጥልኝ» አሉ፣ ተነሱ። ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር የለም፤ ሰውዬው ድንጋዩን አንስቷል። ዶርም ሄደው ለልጃቸው «አልቋል» አሉት። የላዩ ብረቱን ሁለቴ ኳ ኳ አረገ። እሳቸውም በሚቀጥለው መኪና ወደ ላሞቻቸው ሄዱ።

ሰኞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። የዶርም አገልግሎቱ ተሰርዟል፤ «ለተማሪው ደኅንነት ሲባል» ይላል።

ቢሮው ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። ምን እንደያዘው ልንገርህ? የአባትየው ድንጋይ። በሩ ሥር አጋድሞታል።

«ይኼ ድንጋይ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«ነፋሱ በሩን እያጋጨ ይረብሸኛል» አለ።

«አንተንም ይረብሽሃል?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ድንጋዩን አንስተህላቸዋል።»

«ሽማግሌ አክብሬ ነው ያነሳሁት። ይኼ ደግሞ አስተዳደራዊ ጉዳይ ነው።»

ከዚህ በኋላ ያልኩትን አልነግርህም፤ ዲያቆኑ ጆሮ ይደርሳል። እኔና ኮሌጁም በዚያው ሳምንት ተለያየን።

ለላዩ አባቱ ከግቢው ውጭ ክፍል ተከራዩለት፤ ግድግዳው ከወፍጮ ቤት ጋር የተያያዘ። ወፍጮ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ታውቃለህ። ከመነዳሪ ብትመታበት አይሆንም፤ ቤቱ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ክፍል መቅረት ጀመረ፣ ከዚያ ፈተና ቀረ፣ ከዚያ ራሱ ቀረ። ወደ አባቱ ተመለሰ።

በቀደም እኔና የቡሬው ሄደን ጠየቅነው። ግቢያቸው ውስጥ ጎተራው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ ያለውን ምሰሶ አንዴ ኳ አረግኩ። ሁለቴ መለሰልኝ። ከዚያ፦

«አልጋዬ ላይ ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም። የተሰበረ ወንበር ጭነውበታል።»

«ፍራሹስ?»

«አለ።»

«በሩ ላይ ያለው ላስቲክ?»

«አለ፣ አልተነካም» አለ የቡሬው።

አሰበበት። «እንግዲያው ዝግጁ ነው» አለ። ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለ፣ ዛሬውኑ የምንወስደው መስሎት። ምን ብለን እንደተሰናበትነው አልነግርህም።

አባቱ ሲሸኙን እንኳን ዲኑን አላሙትም። «ድንጋዩን አንስተውልኛል እኮ፣ ወረቀቱ ዘግይቶ ይሆናል» ነው የሚሉት። እስካሁን ወረቀት ይጠብቃሉ።

እና አንተ ዲኑ፣ እርስዎ የምልህ ድንጋዩን ወደ ማሳው የመለስክ ቀን ነው። ከበላይህ ያሉትም ይስሙ። አልጋው ባዶ ነው፣ በሩ አይጮኽም፣ ጓደኞቹ እዚያው አሉ። ልጁን የማትመልሱት ከሆነ፣ ያን ድንጋይ ከሽማግሌው አንገት ላይ ምን ልትሆኑ አነሳችሁት?